የትንሿ መስታወት ዳንቴል

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት በስልክ የሚላክ አጭር መልእክትና ሥራ የገባሁበትን ሰዓት ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። አሁን የምጽፈው አንድ ነገር መወሰን ስላቃተኝና የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ ነው።

አሜሪካ፣ ኮሪያታውን በሚባል ሰፈር ውስጥ ከሁለት ሴቶች ጋር በተከራየነው ቤት፣ አልጋዬ አጠገብ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ የእንጨት ሣጥን አለ። ውስጡ ሳሎን ነው። የሚያክለው አንድ ትልቅ የጫማ ካርቶን ቢሆንም ምንም አይጎድለውም፤ የጥንት ሩሲያዊ ቤተሰብ እንግዳ የሚቀበልበት ሳሎን ነው። ሁለት መስኮቶች አሉት። በመስኮቶቹ መካከል ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ መስታወት ተሰቅላለች። ትራሴ ሥር ደግሞ በእሷ ልክ የተሠራ ነጭ ዳንቴል አስቀምጫለሁ። መስታወቷን ልሸፍናት ወይስ ልተዋት፣ አላውቅም። የማላውቀውም ሳሎኑን የሠሩት ሴት በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የነገረኝ ሰው ስለሌለ ነው።

ሴትዮዋ ሐበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ መንገድ ወደ ሰሜን፣ ብዙ የሩሲያ ሽማግሌዎች ባሉበት ሕንጻ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እኔ ቀን ቀን እንከባከባቸው ነበር። ሥራውን ያገኘችልኝ አክስቴ ናት። እሷ ፌርፋክስ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው።

«ይኸውልሽ» አለችኝ ሽንኩርት እየከተፈች፤ «ሴትዮዋ ዓይናቸው ደከመ እንጂ ሌላ ጣጣ የላቸውም። ምግብ ታሞቂያለሽ፣ መድኃኒት ታስታውሻቸዋለሽ፣ ኦኬ? ልጃቸው ሌላ ከተማ ነው፤ አይጨቀጭቅሽም። ብዙ ወሬ የለም። ሶ፣ ላንቺ ተብሎ የተፈጠረ ጃብ ነው።»

ወሬ የለም ያለችው ግን ልክ አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያ ቤት የተናገርኩበት ቦታ የለም።

ስማቸውን አጥርቼ መጥራት ስላቃተኝ እማማ አልኳቸው፤ ደስ አላቸው። እማማ በአገራቸው ሙዚየም ውስጥ ይሠሩ ነበር። የድሮ ቤቶች ሲታደሱ በየክፍሉ ምን ዕቃ የት እንደነበረ መርምሮ ማግኘት የእሳቸው ሥራ ነበር። ወንበሩ ከግድግዳው ምን ያህል ይርቅ ነበር፣ መጋረጃው በቀለበት ነው ወይስ በገመድ የተሰቀለው፣ ወለሉ ተቀብቷል ወይስ እንጨቱ እንዳለ ነው። አሜሪካ ከመጡ በኋላ ለሰው መጋረጃ ሲሰፉ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ያንን ሁሉ ያወቁትን በአንድ ሣጥን ውስጥ መሥራት ጀመሩ። ግድግዳውና መስኮቶቹ እንዳለቁ ዓይናቸው ደከመ። በሽታው የሚገርም ነበር፤ ዳር ዳሩን ያያሉ፣ መሃሉን አያዩም። አንድን ነገር ለማየት ፊታቸውን ወደ ጎን ያዞራሉ። መጀመሪያ ሰሞን የተቆጡኝ ይመስለኝ ነበር።

ሥራዬ ምን እንደሆነ የገባኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። እንደ ድንጋይ የከበደ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ገለጡልኝ። የክፍሎች ሥዕል ነው። በዚያ ዘመን ካሜራ ስላልነበረ የደላቸው ሰዎች ቤታቸውን በውሃ ቀለም ያስስሉ ነበር አሉኝ።

«ምን ታያለሽ?»

«ክፍል።»

«ክፍል መሆኑን እኔም አውቃለሁ። በበሩ ስትገቢ እጅሽ መጀመሪያ ምን ይነካል?»

ሥዕሉ ላይ አጎነበስኩ። እሳቸውም ጠበቁኝ። ሁለታችንም እንግሊዝኛችን ስብርብር ነው፤ የእሳቸውን ሩሲያኛ፣ የእኔን አማርኛ ይጫነዋል። እዚህ የምጽፈው እኔ እንደገባኝ ነው።

«ወንበር» አልኩ በመጨረሻ። «ጀርባው ቅስት ነው። እንጨቱ ቢጫ ሆኖ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ አለው።»

እማማ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «በርች ነው! የሰሜን አገር ዛፍ! ቀጥዪ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ከበላን በኋላ ሥራችን ይኸው ሆነ። እኔ አያለሁ፣ እናገራለሁ፤ እሳቸው ይጠይቃሉ። በአንድ ሥዕል ብቻ ምንም አይቀበሉም። ምድጃው ጥግ ላይ ነው ካልኩ «ሁለተኛ ምስክር አምጪ» ይላሉ፤ ሌላ መጽሐፍ እስክናገላብጥ ድረስ ምድጃው ቦታ አያገኝም። ሠዓሊ ሥዕሉ እንዲያምርለት ዕቃ ያዛውራል ይሉ ነበር።

ግድግዳው አስቸገረን።

«ሰማያዊ ነው» አልኩ።

«የቱ ሰማያዊ?»

«እንደ አገራችን ታክሲ።»

«ታክሲሽን የት አውቄው! የሰማይ ነው? የወንዝ ነው? የጭስ ነው?»

«ታክሲው ሲያረጅ ያለው ነው።»

ሳቁ። ቀለም መሸጫ ሄጄ በነጻ የሚሰጡትን የቀለም ካርዶች እፍኝ ሙሉ አመጣሁ፤ አንድ በአንድ ሥዕሉ ላይ እያስቀመጥኩ የሚገጥመውን ፈለግኩ። ትንሿን ቆርቆሮ ልገዛ ስመለስ ሻጩ ቤት ልትቀቢ ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ስንት ክፍል ሲለኝ፣ አንድ፣ ትንሽዬ አልኩና አፍሬ ወጣሁ።

ምድጃው እስከ ጣሪያ የሚደርስ፣ ነጭና ሰማያዊ የሸክላ ንጣፍ የለበሰ ነው። ንጣፉን ከእርጎ ክዳን ቆርጬ፣ አበባዎቹን በጥርስ መጎርጎሪያ ሣልኩ። እማማ አይዩት እንጂ በጣታቸው ጫፍ ይዳስሱታል፤ አንዱ ትንሽ ከፍ ካለ ያስነቅሉኛል።

በሥዕሎቹ ውስጥ ሰው የለም። ወንበሩ ከጠረጴዛው ትንሽ ሸሸት ብሏል፣ መርፌ የተሰካበት ጥልፍ ተቀምጧል፣ ሰው ግን የለም። አንድ ቀን የት ሄደው ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሠዓሊው እንዲሠራ ወጥተውለት ነው። ይመለሳሉ።»

የተጣላነው በቅዱስ ሥዕሉ ነው። እነሱም እንደኛ ኦርቶዶክስ ናቸው። በሳሎኑ ጥግ፣ ከፍ ብሎ፣ የእመቤታችን ሥዕል ይቀመጣል፤ ከላዩ ጥልፍ ያለው ረጅም ፎጣ በሁለት ጎን ይወርዳል። እኔ ሥዕሏን ከመጽሔት ቆርጬ ከለጠፍኩ በኋላ መጋረጃ ሠራሁላት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ በጣታቸው አግኝተውት።

«መጋረጃ ነው። ሥዕል መጋረድ አለበት።»

«የተጋረደ ሥዕል ፊት እንዴት ይጸለያል?»

«ያልተጋረደ ሥዕል ፊትስ እንዴት ልብስ ይቀየራል?»

እንዲህ ብዬ መመለሴ እኔንም አስደነገጠኝ። እማማ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ሳሎን ውስጥ ልብስ የሚቀይር የለም፣ ዴቮችካ» አሉ። ዴቮችካ ልጅት ማለት ነው። መጋረጃዬን አነሳሁ። እኛ ግን ሁሉን ነገር ሸፍነን ነው የምናድገው። እናቴ ደሴ ባለው ቤታችን ቴሌቪዥኑን፣ ራዲዮኑን፣ የውሃ ጀሪካኑን ሳይቀር በዳንቴል ታለብስ ነበር። መስታወቱንም። ፀጉራችንን ስናበጥር እንገልጠዋለን፣ ስንጨርስ እንመልሰዋለን። ዳንቴል መሥራት ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ እንደ ኮከብ የሚዘረጋ የራሷ አሠራር ነበራት።

በዚያን ሰሞን እናቴን በስልክ ማግኘት አልቻልኩም። ታናሽ ወንድሜ «ጸበል ሄዳለች፣ ኔትወርክ የለም» ይለኛል። ጉልበቷን ያማት ስለነበር አመንኩት። ምግብ ቤት ስሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆሙ ነበር፤ አክስቴ የምትቋጥርልኝ ምግብም በዛ። በምግብ ቤቱ አጠገብ የደንበኞችን መኪና የሚያቆሙ አንድ ጋሼ አሉ። አንድ ቀን እጄን ይዘው «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ፤ አክስቴ በዓይኗ ገላመጠቻቸው።

«ምን ሆኜ ነው አይዞሽ የሚሉኝ?» አልኳት።

«ሥራ በዝቶባታል ብዬ ነግሬያቸው ነው ባክሽ። ጋሼን አታውቂያቸውም? ለትራፊክ መብራትም አይዞህ ይላሉ።»

ሳሎኑ ሊያልቅ ጥቂት ነገር ሲቀረው መስታወቷን ሰቀልን። በሁለት መስኮት መካከል መስታወት መኖሩን አራት መጻሕፍት መስክረውልናል። የተሠራችው ከአሮጌ የፑድራ መያዣ ነው። ሣጥኑ የሚቀመጠው መንገድ ዳር ባለው መስኮት ሥር ስለሆነ አቧራ ይጠጣ ነበር። አንድ ከሰዓት እማማ ሲያሸልባቸው በስፌት ክርና በቀጭኑ ኪሮሽ ለመስታወቷ ዳንቴል ሠራሁላት፤ በእናቴ ኮከብ። አለበስኳትና ወጥ ላሞቅ ሄድኩ።

ስመለስ እማማ ነቅተው እጃቸውን ሣጥኑ ውስጥ ከተዋል። በየቀኑ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ከበሩ ጀምረው ወንበሩን፣ ምድጃውን፣ ጠረጴዛውን በጣታቸው ይጎበኛሉ። ጣታቸው መስታወቷ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዳንቴል ነው፣ እማማ።»

«መስታወቱ ላይ?»

«አዎ።»

እጃቸውን አላነሱም። «ማን ሞተብሽ?» አሉኝ።

«ማንም።»

«እኛ አገር ቤት ውስጥ ሰው ሲሞት ነው መስታወት የሚሸፈነው።»

«ማንም አልሞተብኝም። ለአቧራ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው አንሺው። ማንም ሳይሞት አይሸፈንም።»

አነሳሁና ዳንቴሉን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ወጡ ሊያርርብኝ ነው ብዬ ሮጥኩ።

አንድ ቅዳሜ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የኮሪያታውኑ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት አክስቴ፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያን እናቶችና መኪና የሚያቆሙት ጋሼ ቆመዋል። አክስቴ ጥቁር ለብሳለች። ማንም ምንም ሳይናገር ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው እንደ ጭጋግ ነው። ሶፋውን ወደ ኮሪደሩ አወጡት፣ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጠፈ፤ ጎረቤታችን ኮሪያዊት ብቅ ብላ ቤት ልትለቁ ነው ወይ ስትል ሰማኋት።

ትንሽ ስረጋ «መቼ ነው?» አልኩ።

«ትንሽ ቆይቷል» አለች አክስቴ።

«መቼ ነው እትዬ?»

«ከፋሲካ በፊት። ጾሙን ሳትፈታ።»

ዳንቴሉን የሠራሁት ከፋሲካ በኋላ ነበር። ማንም አልሞተብኝም ስል እናቴ ተቀብራለች። ፌርፋክስ ላይ የማያውቅ አልነበረም።

ወደ ሥራ ስመለስ እማማ በር ላይ ጠበቁኝ። በእኔ ፈንታ የመጣችው ሠራተኛ ነግራቸዋለች። አቀፉኝ፤ ወዲያው ግን ተቆጡ።

«ለምን ደበቁሽ?»

«እኛ ጋ እንደዚህ ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማው ብለው ነው። ሰው ሰብስበው፣ ጠዋት፣ እቤቱ መጥተው ነው የሚያረዱት።»

«አንቺ ትደውያለሽ፣ እነሱ ጸበል ይሉሻል! ያኔ እኔ ማን ሞተብሽ እያልኩ እጠይቅሻለሁ!»

«በክፋት አይደለም፣ እማማ።»

«በክፋት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ይቅር አልላቸውም ነበር» አሉና ተቀመጡ። ቆይተው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እጅሽ አውቆ ነበር» አሉኝ።

«አላወቅኩም። አቧራ ነው» አልኳቸው። እውነቱም ይኸው ነው። አውቄ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ልጅ እናቷ ስትሞት አንድ ነገር ሊሰማት ይገባል ይላሉ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ወጥ እያሞቅኩ ነበር።

«ዳንቴሉ የት አለ?»

ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር።

«አርባ ታወጣላችሁ?»

«እናወጣለን።»

«እኛም እናወጣለን። እስከ አርባዋ ይሸፈን።»

«አርባዋ አልፏል፣ እማማ። አገር ቤት አውጥተውላታል።»

«ላንቺ የሞተችው በሰማሽ ቀን ነው። ከዚያ ቁጠሪ።»

እኔም መስታወቷን አለበስኳት። እነዚያን ቀኖች ሣጥኑ ላይ ምንም አልሠራንም። ከምሳ በኋላ ፊት ለፊቱ እንቀመጣለን። እማማ ስለ እናቴ ይጠይቁኛል፤ እንደ ሥዕሉ ነው የሚጠይቁኝ። በሩ በየት በኩል ነው? ስትቀመጥ ጀርባዋን የሰጠችው ለየትኛው ግድግዳ ነው? ጀሪካኑ ከበሩ በስተግራ ነው በስተቀኝ? የረሳሁትን ሁሉ ቦታው ላይ አስቀመጥኩ። ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ያላለቀስኩትን ልቅሶ እዚያ አለቀስኩ። ያቺ ሰማያዊ ሳሎን የእናቴ የሐዘን ቤት ሆነች። አርባዋ ሲደርስ እማማ ራሳቸው ዳንቴሉን በጣታቸው አነሱና አጥቤ እንዳስቀምጠው ሰጡኝ።

ክረምት ላይ እማማ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁ። ዳሌያቸው አልተሰበረም፤ ልጃቸው ግን መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ስልኩ አያርፍም። እሱ ባለበት ከተማ የአረጋውያን መኖሪያ አግኝቶላቸዋል፤ ክፍሉን የሚጋሩት ከሌላ ሴት ጋር ነው፤ አንድ ሻንጣና አንድ ወንበር ብቻ ይፈቀዳል። መጻሕፍቱ በካርቶን ወጡ። አልጋውና ቁም ሣጥኑ መንገድ ዳር ቆሙ፤ ሲያልፉ የነበሩ ሰዎች መሳቢያውን እየሳቡ ያዩ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንበር ከግድግዳ ምን ያህል ይርቅ እንደነበር የመረመሩት ሴት ቤታቸው እንዲህ ሲበተን ዳር ዳሩን አዩ።

ሣጥኑን ልጃቸው ሊጥለው አልፈለገም፤ የት እንደሚያደርገው ግን አላወቀም። «ለእሷ ነው» አሉት እማማ።

ስልክ ቁጥሬን ስልኩ ውስጥ ጻፈ። «ማንኛውም ነገር ካለ እደውልልሻለሁ» አለኝ። ከልቡ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሰሞን ስደውል ያነሳ ነበር፤ ደህና ናቸው ይለኛል፤ ስልክ ሲሰጣቸው ግን በደንብ አይሰሙም። ኋላ መልእክት ተዪ የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ። መልእክት መተው አፈርኩ፤ ጻፍኩለት፤ አልመለሰም። አሁን ቁጥሩ አይሠራም። የመኖሪያ ቤቱን ስም ጠይቄው አላውቅም። እማማ አንድ ምስክር አይበቃም ይሉ ነበር፤ እኔ አንድም የለኝም።

አክስቴን ጠየቅኳት። «የሰማሽው ነገር ካለ ንገሪኝ» አልኳት።

«እኔ ከየት ልሰማ? የሩሲያ እድር አለኝ እንዴ!»

«ብትሰሚ ትነግሪኛለሽ?»

«እነግርሻለኋ።»

«ወዲያው?»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። ዓይኗ ዕንባ አቀረረ፤ ሽንኩርቱ ነው አለችኝ።

አንዳንድ ቀን ከሥራ ስገባ ዳንቴሉን ከትራሴ ሥር አውጥቼ ወደ መስታወቷ አስጠጋዋለሁ። ብሸፍናት፣ በሕይወት ያሉትን ሴት የገደልኳቸው ይመስለኛል። ብተዋት ደግሞ ምናልባት ሞተው ሳለ፣ ሳሎናቸው ሳያዝንላቸው፣ ፀጉር እንደሚበጠርበት መስታወት ተገልጣ ትቀመጣለች። እናቴ ሞታ ሳለ ማንም አልሞተብኝም ብያለሁ። ያንን ሁለተኛ ማለት አልፈልግም። ሣጥኑን ስመለከት ወንበሩ ከጠረጴዛው ትንሽ ሸሸት ብሏል። እሳቸው ናቸው እንዲያ ያስቀመጡት።

የሄዱ ቀን መኪናው ሞተሩ ተነስቶ መንገድ ዳር ቆሟል። ልጃቸው ሻንጣ ይጭናል። እኔ ሣጥኑን አቅፌ በተከፈተው በር አጠገብ ቆምኩ። እማማ ቀበቶ ታስሮላቸው ተቀምጠዋል። እጃቸውን ዘረጉና ሣጥኑ ውስጥ ከተቱ፤ በበሩ ገቡ፣ ወንበሩን ነኩ፣ ምድጃውን፣ ጠረጴዛውን፣ የመጀመሪያውን መስኮት። መስታወቷ ጋ ሲደርሱ ባዶ መሆኗን በጣታቸው አረጋገጡ።

«ዳንቴሉ አለ?» አሉኝ።

«አለ፣ እማማ። ታጥቧል።»

እኔን ለማየት ፊታቸውን ወደ ጎን አዞሩ።

«ስትሰሚ ትሸፍኛታለሽ» አሉኝ።